የአያ ሙላት ወፍጮ አልነሳ ያለ ጊዜ

እኔን ብሎ ወፍጮ ጠጋኝ! ፊደል ያልቆጠርሁ፣ የቤቴን አምፖል ለማብራት እንኳ እጄን በነጠላዬ ጠቅልዬ ማብሪያውን የምነካ ሴት፣ የመብራት ወፍጮ ለምን አልነሳም ብዬ ሰው እየለመንሁ እዞር ነበር። ይህን ስነግራቸው የልጅ ልጆቼ ይንከተከታሉ። አሁንም የምትጽፍልኝ አንዷ ናት። ያሳመረችው ካለ የእሷ ነው፤ ያበላሸችውም የእሷ ነው።

ነገሩ የሆነው በጃንሆይ ዘመን፣ ደብረ ማርቆስ መብራት ከገባ ብዙም ሳይቆይ፣ እኔ የሁለት ልጆች እናት ሳለሁ ነው። ዛሬ የትናንት ራቴን እረሳለሁ። ይህን ግን አልረሳሁም፤ በእናኑ ምክንያት።

እናኑ ሸክላ ሠሪ ነበረች። ከቤቴ ዝቅ ብሎ ከወንዙ አጠገብ ትኖር ነበር። እንደ እኔ አፏ አያርፍም። ድስት ስትሸጥልኝ፣ «ይህን ደግሞ ባልሽ ራስ ላይ እንዳትሰብሪው፤ ድስቱ ያሳዝናል» ትለኝ ነበር። ከሰፈሩ ሴት ሁሉ እንደ እሷ የሚያስቀኝ አልነበረም።

አያ ሙላት የሚባሉ የሰፈራችን ሰው በሬዎቻቸውን ሸጠው በመብራት የሚሠራ ወፍጮ ገዙ። እኛ እስከዚያ በእጃችን የምንፈጭ፣ ካልሆነም እህላችንን ተሸክመን ናፍጣ የሚጠጣው ወፍጮ ድረስ የምንሄድ ነበርን። እንግዲህ ደስታችንን አስቡት።

ወፍጮው ሥራ የሚጀምርበት ቀን አባ ተክሌ ሊባርኩት መጡ። የጸበሉን ማሰሮ የያዝሁት እኔ ነበርሁ። ግድግዳውን ረጩ፣ ድንጋዩን ረጩ፣ ሞተሩን ረጩ። ማብሪያው ያለበት የብረት ሳጥን ግድግዳው ላይ ነበር። አያ ሙላት፣ «አባ፣ ዋናው እሱ ነው፤ ለእሱ አይሰስቱበት» አሉ። አባም ማሰሮውን ከእጄ ተቀብለው የተረፈውን ከላይ አወረዱበት። እግሬ ድረስ ተንጠባጠበ።

እናኑ ስልቻዋን አዝላ ከሰው ኋላ ቆማ ነበር። «ውይ ሲያምር!» አለች። በዚያው ቅጽበት አያ ሙላት ማብሪያውን ተጫኑት። ቧ! ሰማያዊ እሳት ብልጭ አለ፣ የተቃጠለ ነገር ሸተተ፣ ከዚያ ጸጥ።

ሰው ሁሉ ሳጥኑን ትቶ ዞሮ እናኑን አየ።

ባገራችን አንድ ነገር ያደነቀ ሰው «ከዓይን ያውጣው» ማለት አለበት። እናኑ ደስ ብሏት ረሳችው። ሌላዋ ብትረሳው ማን ልብ ይለዋል? የሸክላ ሠሪና የቀጥቃጭ ዓይን ግን ይበላል፣ ከእጃቸው የቀመሰም ይጋባበታል ይባላል።

መጀመሪያ ማንም አፉን ሞልቶ አልተናገረም። ከቆጣሪው አጠገብ ፊውዝ የሚሏት ነገር አለች፤ አያ ሙላት እሷ ተቃጥላ አገኟትና ለወጧት። ማብሪያውን ሲጫኑ ቧ ብላ ተቃጠለች። ደግመው ለወጡ፤ እሷም ደገመች። የመብራት ሠራተኛ ተጠርቶ ምሰሶው ላይ ወጣና፣ መብራቱ እስከ ቤትዎ ደርሷል፣ ከዚያ ወዲያ ያለው የእርስዎ ነው ብሎ ሄደ። ሞተሩ ይሆናል ተባለ። ተፈትቶ በጭነት መኪና አዲስ አበባ ተላከ። እዚያ ከረመና ተመለሰ። ሾፌሩም፣ ሞተሩን አይተውት ምንም የለበትም ብለዋል አለ።

ያ ቃል ነው እናኑን የጣላት። ሞተሩ ደህና ከሆነ፣ መብራቱም ከደረሰ፣ ምን ቀረ? ዓይን ቀረ።

ሴቶች ስታልፍ የልጆቻቸውን ፊት በነጠላ ይሸፍኑ ጀመር። ሰላምታዋን የሚመልስ ጠፋ። ቤተ ክርስቲያን ስትቆም ዙሪያዋ ባዶ ይሆናል። አንድ የገበያ ቀን አንድ ሰው በዱላው ድስቶቿን አንድ ባንድ ሰባበረባት። እኔ ጮህሁ፤ ሌላው እህሉን ይሸምታል። እናኑ ስብርባሪውን ስትለቅም፣ «ተይው፣ ዝም በይ፤ አንቺንም ይጨምሩሻል» አለችኝ።

ዝም ማለት መቼ አውቅና። አያ ሙላት ዘንድ ሄጄ፣ ያን ቀን ሳጥኑ ውስጥ ውኃ ገብቷል፣ እግሬ ድረስ ሲንጠባጠብ በዓይኔ አይቻለሁ፣ ሳጥኑን ያስከፍቱት አልኋቸው። ትክ ብለው አዩኝ።

«ጸበል እኮ ነው፤ ውኃ አይደለም» አሉኝ።

ምን ይመለሳል? ጸበል የነካውን እሳት ያቃጥለዋል ብሎ ማን ይናገራል? ወሬው ከእኔ ቀድሞ ቤቴ ገባ። ባሌ ሲስቅ ዋለ፤ ማታ ግን ተቆጣኝ። ሴቶቹም ስም አወጡልኝ፤ «ጸበል ከሳሽ» ይሉኝ ጀመር። እኔም መልሼ፣ «አዎ፣ ምስክር ጥሩልኝ» እል ነበር። ቀልዱ ግን ለእናኑ አልጠቀማትም። አንድ ቀን ጠዋት ወደ ቤቷ ብወርድ በሩ በገመድ ታስሯል። ይጁቤ የምትኖር እኅቷ ዘንድ ሄዳለች አሉኝ። እኔን እንኳ ደህና ሁኚ አላለችኝም።

ከዚያ በኋላ ነው እልህ የያዘኝ። ከደጀን የመጣ ሰይድ የሚባል ሰው ለዘመዱ ሱቅ መብራት ሲዘረጋ ሰማሁ። ሄድሁና ለመንሁት። ሥራ አለብኝ አለኝ። በማግስቱም ሄድሁ። ሦስተኛ ስመጣ ከመሰላሉ ላይ ሆኖ፣ «እኅቴ፣ እንደ ሥራ ገበታ ነው እንዴ የምትመጪው?» ብሎ ሳቀና ወረደ። አያ ሙላትም ተስፋ ቆርጠው ነበርና ይየው አሉ።

ሰውየው አልቸኮለም። በሁለት ሽቦ የታሰረች አምፖል አውጥቶ ሽቦውን ነካካ፤ አምፖሏ በራች። መብራቱ ይመጣል አለ። ቀጥሎ ወደ ሞተሩ የሚሄዱትን ሽቦዎች ፈታና ሞተሩን ለብቻው አስቀረው። አዲስ ፊውዝ ከተተ፣ ማብሪያውን ተጫነ። ቧ!

«አያችሁ? አሁን ሞተሩ የለበትም» አለ። «እሱ ሳይኖር ፊውዙ ከተቃጠለ ጥፋቱ ከሞተሩ በፊት ነው።»

መብራቱን ከዋናው አጥፍቶ ሳጥኑን ከፈተው። ጎረቤቴ ስንዱ ልጇን አዝላ ከጎኔ ነበረች፤ ሁለታችንም አንገታችንን አስግገን አየን። ከላይ ሽቦው ከሚገባበት ቀዳዳ ጀምሮ የዛገ የውኃ መንገድ ወርዷል። ከታች በሁለት ብረቶች መካከል የጉንዳን መንገድ የመሰለ ጥቁር መስመር ነበር። ሰይድ በጥፍሩ ነካው፤ ጥፍሩ ጠቆረ። ያን ቀን ውኃው ባለበት እሳቱ ብልጭ ሲል ቦታውን ከሰል አድርጎት፣ ውኃው ቢደርቅም ከሰሉ መብራቱን ከአንዱ ብረት ወደ ሌላው እያሻገረው ፊውዙን እንደሚያቃጥለው ነገረን።

«ስለ ጸበላችሁ እኔ አላውቅም፤ ውኃ ግን እዚህ ወርዷል» አለ፤ ቀስ ብሎ፣ ማንንም እንዳያስቀይም።

የነደደውን ዕቃ አውጥቶ ሌላ ተካበት። ሞተሩን መልሶ አሰረው። አያ ሙላት ማብሪያውን ተጫኑት። ወፍጮው ተነሣ። ሴቶቹ እልል አሉ፣ ስንዱም እልል አለች። እኔ አፌን ከፈትሁ፤ ልቅሶ ወጣኝ።

አባ ተክሌ ሰምተው መጡ። ሳጥኑን አስከፍተው ጎንበስ ብለው አዩት። ደብቀውት ቢሄዱ ማንም አይጠይቃቸውም ነበር። እሳቸው ግን በሰው ፊት፣ «ጸበሉ አልበደለም፤ በማላውቀው ብረት ውስጥ ያፈሰሰው የኔ እጅ ነው። ሴትዮዋ የት አለች?» አሉ።

ወደ ይጁቤ ሄድን፤ አባ በበቅሎ፣ አያ ሙላትና እኔ በእግራችን። እናኑን ከእኅቷ ጓሮ እስከ ክርኗ ጭቃ ሆና አገኘናት። ከስታለች። እጇን ታጥባ መስቀል ተሳለመች። አያ ሙላት፣ ሳጥኑ ነው የተበላሸው፣ በድለንሻል፣ ወደ ቤትሽ ተመለሺ አሏት። ሲናገሩ እንባቸው መጣ፤ ሐሰት አልነበረም።

እናኑ ጠላ በዋንጫ አቀረበችልን። አባ ባርከው ጠጡ። እኔ ጠጣሁ። አያ ሙላት ተቀበሉና እንደያዙ ቀሩ። ቀኑን ሙሉ ስንሄድ ውለን ከንፈራቸው ደርቋል። ዋንጫውን ከጉልበታቸው ሥር አስቀመጡት፤ ወሬያቸውን ቀጠሉ። እኔ ነገሩ እንዳይታወቅ፣ «አያ፣ ካልጠማዎት ለእኔ ይስጡኝ» ብዬ ቀለድሁ። የሳቀ የለም።

እናኑ ዋንጫውን አየችው።

«አያ ሙላት፣ ያንን ሳጥን የሚከፍት ሰው ባይገኝስ ኖሮ?» አለቻቸው።

ዋንጫውን አነሳችና ጠላውን ከአጥሩ ሥር ደፋችው። አልተቆጣችም። በደህና ግቡ ብላ ሸኘችን።

ወደ እኛ ሰፈር ተመልሳ አልመጣችም። ገበያ ላይ አንዳንድ ጊዜ አገኛት ነበር፤ እንሳሳማለን፣ የልጆቼን ደኅንነት ትጠይቀኛለች። ቀልድ ግን አትቀልድም። እዚያው ይጁቤ ሞተች፤ የሰማሁት ከተቀበረች በኋላ ነው፣ ለቅሶዋን እንኳ አልደረስሁም።

አሁን ሳስበው የወፍጮውን ሕመም ያገኘንለት ይመስለኛል፤ የእኛን ግን የሚከፍተው ሰው አልመጣም። አያ ሙላትን ክፉ ሰው ነበሩ ማለት አልችልም። ያ ነው የሚያሳዝነኝ። ወፍጮ ቤት በሄድሁ ቁጥር ሲጮህ እሰማዋለሁ፤ ዱቄቴን ተቀብዬ ቶሎ እወጣለሁ።

ከይጁቤ በተመለስሁ ማግስት ስንዱ ወሬ ልትጠይቀኝ መጣች። ልጇ ሮጦ እቅፌ ገባ። ሁሉን ነገርኋት፤ አንገቷን እየነቀነቀች፣ ወይኔ እናኑ እያለች፣ ከንፈሯን እየመጠጠች ሰማችኝ። ከዚያ፣ «ጠላዋን ጠጣሽ?» አለችኝ።

«ጠጣሁ» አልኋት።

ተነሥታ ልጇን ከእቅፌ ወሰደችው።

«እንግዲያውስ ልጄን አትሳሚብኝ» አለችኝ።