ስለ ዳኛው ማንም አልጻፈም

አባቴ ጡረታ የወጡ ዳኛ ናቸው። ዓይናቸው ሲደክም እዚህ ናይሮቢ፣ ፓርክላንድስ ያለው ቤቴ አመጣኋቸው። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቅጹ የማያልቅ ተከታታይ የእንግሊዝኛ የወንጀልና የፍርድ ቤት ልብወለድ ወደ አማርኛ እየመለስኩ አነብላቸዋለሁ። ሳምንቱን ሙሉ ዌስትላንድስ ባለው ቢሮዬ ሪፖርት ስጽፍ ከርሜ ቅዳሜ ደግሞ አስተርጓሚ መሆን አንዳንዴ ያንገሸግሸኛል።

አንድ ቅጽ ባለቀ ቁጥር አንባቢዎች ኢንተርኔት ላይ የጻፉትን አስተያየት ማንበብም የኔው ሥራ ነው። ዘጠነኛው ቅጽ ላይ ዳኛው በአንድ ምስክር ቃል ብቻ አንድ ሰው ላይ ዕድሜ ልክ ይፈርዳል። ንጹሕ መሆኑ የሚታወቀው ሰውየው እስር ቤት ከሞተ በኋላ ነው። አንብቤ ስጨርስ አባቴ ጠየቁኝ።

«ሰዉ ስለ ዳኛው ምን አለ?»

ስልኬን ከፍቼ ፈለግኩ። አንዱ ጠበቃዋ አሰልቺ ሆናለች ይላል። ሌላዋ መጨረሻውን ገና ሃምሳኛው ገጽ ላይ አውቄዋለሁ ትላለች። ስለ ዳኛው ማንም አልጻፈም።

«ደህና አድርገሽ ፈልጊ» አሉ። እጃቸው ብርድ ልብሱን ጨምድዶ ይዟል።

ደግሜ ፈለግኩ፤ የለም። የማደርገው ቢጠፋኝ ስልኩን እንደማነብ ሆኜ፣ «አንዱ፣ ዳኛው የቀረበለትን ማስረጃ ነው የመዘነው፣ ምን ያድርግ ይላል» አልኳቸው።

ፊታቸውን ወደ እኔ አዞሩ።

«የኔም ምስክር ልክ እንዳንቺ ድምፁ ሳይንቀጠቀጥ ነበር የዋሸው» አሉ። «እኔም አመንኩት።»