የአዴ ሳሊሀ ለቀማ

ጅማ፣ ጊንጆ ጉዱሩ ሠፈር ውስጥ ከአዴ ሳሊሀ ጋር ተከራክሮ የረታ ሰው የለም። በግ ሲገዙ እንኳ ነጋዴው ዋጋ ይጠራል፣ እሳቸው ይመልሳሉ፣ በመጨረሻ በጉ ራሱ ለእሳቸው ይመሰክራል ይባላል። ሕግ ተምረው፣ ፍርድ ቤት አጠገብ ባለች ጠባብ ክፍል የሰው አቤቱታ እየጻፉ ልጆቻቸውን ያሳደጉ ሴት ናቸው። ዘንድሮ ግን አዲስ ነገር አመጡ። እኛ ማኪያቷችንን ይዘን ዓለምን በምናስተዳድርበት በአብዱልሰመድ ሻይ ቤት በረንዳ ላይ፣ የሕግ ትምህርት ቤት መግቢያ ፈተና የሚወስዱ ተማሪዎችን ማስጠናት ጀመሩ። ክፍያው በሳምንት አንድ ማኪያቶ ነው።

አዲስ አበባ ላይ እንዲህ ያለው ጥናት በጥጃ ዋጋ ነው የሚሸጠው። ታዲያ እሳቸው ምን ፈልገው ነው? ሠፈሩ ሥራ ፈትቶ መመርመር ያዘ። አንዱ ምርጫ ሊወዳደሩ ነው አለ፤ ሌላው ስለት አለባቸው አለ። እኔ ባለቤታቸውን ጋሽ አብዱልሃዲን ጠጋ ብዬ፣ "ለምን ይመስልዎታል?" አልኳቸው።

"እሷ ካለች ልክ ነው" አሉኝ። ጥያቄ መሆኑንም የሰሙ አልመሰለኝም።

ከተማሪዎቹ መካከል ታቢታ የምትባል ልጅ ነበረች። ወላጆቿ ከደቡብ መጥተው አጋሮ የከተሙ ናቸው፤ እናቷ ቡና መጋዘን ትሠራለች። ታቢታ ጴንጤ ስለሆነች መማል ባይሆንላትም፣ ከሕግ ሌላ ክፍል እንደማትገባ ለእናቷ ከመሐላ የጠነከረ ቃል ሰጥታለች። ፈተናውን ከወደቀች ግን ዩኒቨርሲቲው ባሻው ክፍል ይመድባታል።

አዴ ሳሊሀ የሙከራ ፈተና ሰጡ። ታቢታ ዜሮ አመጣች።

ዝቅተኛ ማለቴ አይደለም፤ ድፍን ዜሮ። ጉዳዩ በረንዳውን አስጨነቀው። ለእያንዳንዱ ጥያቄ አራት ምርጫ አለ፤ የአብዱልሰመድ ፍየል በኮቴዋ ብትረግጥበት እንኳ ሩቡን ታገኛለች። ሰው እንዴት ከፍየል ያንሳል?

"ታቢታ፣ ተኝተሽ ነው እንዴ የሠራሽው?" አሉ አዴ ሳሊሀ።

"ኧረ አልተኛሁም፣ አዴ። እንዳሉን አንድ በአንድ ለቀምኩ።"

"ምኑን ለቀምሽ?"

"መጥፎውን ነዋ።"

እዚህ ላይ ነገሩ ተገለጠ። አዴ ሳሊሀ መጀመሪያ ቀን፣ "እስከ ዛሬ የተፈተናችሁትን ሁሉ እርሱት፤ ይሄኛው ሌላ ነው። ምርጫዎቹን እንደ ቡና ቁጠሯቸው፤ ልቀሙ" ብለው ነበር። ከተማሪዎቹ አንዱ፣ የገበሬ ልጅ የሆነው ኢሕሳን፣ ይህን ሲሰማ ዛፍ ላይ ያለ ቀይ ቡና ታየው፤ በእሱ መንደር መልቀም ማለት የበሰለውን መውሰድ ነው። ታቢታ ግን ያደገችው መጋዘን ውስጥ፣ እናቷ ጎን ነው። እዚያ የሚለቀመው ጥቁሩ፣ ስብሩና ነቀዝ የበላው ነው።

"ሦስቱን ለቀምኩ" አለች ታቢታ፣ "ወረቀቱ ግን አንድ መልስ ብቻ ነው የሚቀበለው። ስለዚህ ከሁሉ የበሰበሰውን ጻፍኩ።"

"ጥሩውንስ?"

"ጥሩውን ማን ይነካል? እሱማ ይቀራል።"

"ሱብሃነላህ" አሉ አዴ ሳሊሀ። ከዚያ ወደ አብዱልሰመድ ዞረው፣ "ፍየልህን እሰራት። አንዴም ሳይሳሳት ሁሉን የሚስት፣ መልሱን ሁሉ የሚያውቅ ብቻ ነው" አሉት።

ችግሩ ግን በዚህ አላለቀም። ፈተናው ደርሷል፣ የታቢታ እጅ ደግሞ ከልጅነቷ የለመደውን አይለቅም። ዓይኗ ትክክለኛውን እያየ ጣቷ ወደ ነቀዙ ይሄዳል። አዴ ሳሊሀ "ልቀሙ" የሚለውን ቃል ከበረንዳው አገዱ፤ እኛም ለጥቂት ቀናት ስለ ቡና ማውራት ተከለከልን፣ ጅማ ላይ። "አንቺ የምትጽፊው ሰፌዱ ላይ የቀረውን ነው። አስቀሪ" ይሏታል፣ በአማርኛም በኦሮምኛም፣ አንገቷን እስክትነቀንቅ።

ከፈተናው ስትመለስ በረንዳው ሙሉ ነበር።

"ለቀምሽ ወይስ አስቀረሽ?"

"አስቀረሁ። አንዷ ላይ ብቻ እጄ አመለጠኝ።"

ውጤቱ ሲመጣ ታቢታ አለፈች። አዴ ሳሊሀ ደስታቸውን በክርክር ነው የሚገልጹት። "በይ፣ ዜሮ ላመጣሽበት ሳምንት ሁለት ማኪያቶ ትከፍያለሽ፣ ስላስደነገጥሽኝ" አሏት።

"አልከፍልም።"

ስኒዎች አየር ላይ ቆሙ። የማኪያቶ ማሽኑም እንፋሎቱን ያቆመ መሰለኝ።

"ለምንድን ነው የማትከፍይው?"

"'ልቀሙ' ያሉት እርስዎ ነዎት፣ አዴ። ምን እንደሚለቀም አልነገሩንም። ቃል ሁለት ትርጉም ከያዘ የሚፈረደው በተናገረው ላይ ነው። ይሄንንም ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት።"

አዴ ሳሊሀ መልስ በአማርኛ ፈለጉ። በኦሮምኛም ፈለጉ። ከዚያ ፊታቸው እንደ ሙሽራ በራ።

"ዹጋ ነው፣ እውነትሽን ነው። ተረታሁ። አብዱልሰመድ፣ ለጠበቃዋ ማኪያቶ፣ በእኔ ሂሳብ።"

አሁን ነው ጊዜው ብዬ፣ "አዴ፣ ማሎ፣ እባክዎ ይንገሩን፤ በዚህ ዋጋ ለምን ያስተምራሉ?" አልኳቸው።

"ከተጋባን ጀምሮ" አሉ፣ ወደ ጋሽ አብዱልሃዲ እየጠቆሙ፣ "በአንድ ነገር ተቃውሞኝ አያውቅም። ሠፈሩም ፈርቶኝ ዝም አለ። የሚከራከረኝ ሰው ናፈቀኝ። ከየትም ካልመጣ ላሳድገው አልኩ።"

ጋሽ አብዱልሃዲ ሻያቸውን አስቀመጡና ራሳቸውን ነቀነቁ።

"ልክ ነሽ" አሉ።