ሚካኤል የሌለበት የጊዜ ሰሌዳ

ፍኖተ ሰላም በግዥ ሠራተኛነት ስሠራ አንድ የእቅድ ባለሙያ ነበረን፤ ላፕቶፑን እንደ ሕፃን አቅፎ የሚዞር። ቋሪት ገጠር ውስጥ የሚሠራ የእግረኛ ድልድይ የጊዜ ሰሌዳ ያወጣው እሱ ነው። አባቴ የሚኖሩት ድልድዩ ከሚሠራበት ወንዝ ማዶ ነው። ዓይናቸውን ሞራ ሸፍኖታል። ሐምሌ ላይ የዓይን ሐኪሞች ለዘመቻ ወደ ከተማችን ይመጣሉ ተብሏል፤ የማያዩ ሽማግሌ ደግሞ የሞላ ወንዝ በእግራቸው አይሻገሩም።

ድንጋይና አሸዋ የሚያቀርበው ገበሬው ነው፣ በጉልበቱ። ባለሙያው ታዲያ ገብርኤል የለ፣ ማርያም የለ፣ እሑድ የለ፣ ሁሉንም የሥራ ቀን አድርጎት ቁጭ! ከሌላ አገር የመጣ ቢሆን ዝም ባልኩ፤ እዚሁ ተወልዶ ያደገ ሰው እኮ ነው።

«በሚካኤል ቀን ማን ድንጋይ ያነሳልሃል?» አልኩት ስብሰባ ላይ።

«ፕሮጀክት በታቦት አይመራም» ብሎ ሳቀብኝ። ኃላፊያችንም አብሮ ሳቀ። ምኑ እንዳሳቀው እስከ ዛሬ አልገባኝም።

ግንቦት ላይ ባለሙያው ቦታውን ሊያይ ሲወርድ አባቴን መሻገሪያው ላይ አገኛቸው። «አባቴ፣ ለሕክምናው በድልድዩ ላይ እየተንሸራሸሩ ነው የሚሄዱት» አላቸው። ክረምቱ ሳይገባ እኔ ዘንድ ይምጡ ብዬ ብለምን፣ ብለምን፣ «የተማረ ሰው ቃል ሰጥቶኝ ምን ብዬ ቤቴን ዘግቼ እወጣለሁ?» ብለው እምቢ አሉኝ።

በሰሌዳው መሠረት ኮንክሪት የሚሞላው ሰኔ ሚካኤል ዕለት ሆነ። እንደታዘዝኩት ሲሚንቶውን ከቡሬ አስጭኜ ደረስኩ። ወንዙ ዳር ግን አንድ ሰው የለም። ተናድጄ ባለሙያው ጋ ደወልኩ። ከጀርባው መዝሙር ይሰማል።

«እባክሽ ዛሬን ተይኝ! የማኅበር ተረኛ ነኝ፣ ቤቴ በሰው ተሞልቷል» አይለኝም! የሚካኤልን ጽዋ እያጠጣ! ወይ ድፍረት! ለእሱ ሲሆን ሚካኤል አለ፣ ለገበሬው ሲሆን የለም።

በማግስቱ ዝናቡ ወረደ፤ ወንዙ ሞልቶ ሥራው ቆመ። ሐኪሞቹ መጡ፣ አክመው ሄዱ። አባቴ ማዶ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው የወንዙን ጩኸት ሲያዳምጡ ከረሙ። ባለሙያው በሪፖርቱ ላይ መዘግየቱ የመጣው «ባልታሰበ ዝናብ» ነው ብሎ ጻፈ። ጎጃም ውስጥ ክረምት ያልታሰበው ለማን ነው? እንዲህ ያለውን ሰው ደግሞ ባለሙያ ብለን ደመወዝ እንከፍላለን።

ጥቅምት ላይ ድልድዩ ተመረቀ። አባቴን ክንዳቸውን ይዤ አሻገርኳቸው። ባለሙያው አዲስ ኮት ለብሶ ድልድዩ ዳር ቆሞ ፎቶ ይነሳል። ሲያያቸው ፈገግ ብሎ ጠጋ አለ።

«እንዴት ነው አባቴ፣ ያምራል?»

አባቴ መደገፊያውን ብረት በእጃቸው ዳሰስ ዳሰስ አደረጉት።

«ያምራል ይሉኛል ልጄ» አሉት። «እኔ እንኳ ሳየው እነግርሃለሁ።»