ኒውትሮን ያደረገኝ አስተማሪ

ያ አስተማሪ ትዝ ባለኝ ቁጥር እስከ ዛሬ ደሜ ይፈላል። ከሚሴ ሰባተኛ ክፍል ሳለሁ ሳይንስ ያስተምረን ነበር። ከአዲስ አበባ የመጣ ነው፤ በግቢው ውስጥ ኦሮምኛ ስናወራ ከሰማን በአርጩሜ ይሞሸልቀናል።

በዓመቱ መጨረሻ፣ ለወላጆች በዓል፣ አቶም በሰው ሠርተን እናሳያለን አለ። የመረጠው ካርቦንን ነው፤ ለወላጆቹም «ከሰል የሚሠራው ከዚህ ነው» አላቸው። ሜዳው ላይ በአመድ ክብ አሰመረ። ስድስት የከተማ ልጆች ደረታቸው ላይ ቀይ ጨርቅ ለጥፈው ፕሮቶን ሆኑና መሃል ቆሙ። ጫማ ያላቸው ስድስቱ ኤሌክትሮን ተባሉ፤ እነሱ ክቡን ተከትለው ሲሮጡ ሕዝቡ ያጨበጭባል። ከገጠር፣ ከጨፋ፣ በእግራችን የምንመጣውን ስድስታችንን ደግሞ በፕሮቶኖቹ መካከል ሰገሰገንና «እናንተ ኒውትሮን ናችሁ። ቻርጅ የላችሁም። ዝም ብላችሁ ቁሙ» አለን። ጨርቅ እንኳ ነፈገን።

ሌላ ቀን ቢሆን ችዬ ባለፍኩት። የዚያን ቀን ግን አባቴ መጥቷል። አንድ የባቲ ነጋዴ ለልጁ ሊያጨኝ ሽማግሌ ልኮ ነበር፤ አባቴም «መጀመሪያ ትምህርቷን በዓይኔ ልየው። የረባ ከሆነ ትቀጥላለች፤ ካልሆነ እድራታለሁ» ብሏል። ታዲያ ምን አየ? ልጁ እንደ ጉቶ ተገትራለች! ድንቄም ትምህርት!

ወደ ቤት ስንመለስ ከአባቴ ጋር የቦርከናን ወንዝ ተሻገርን። ማዶ ስንደርስ «ኢንተላ ኮ» አለኝ፤ ልጄ ማለቱ ነው። «ለመገተሩማ ቤትሽም ትገተሪ ነበር።»

ያ ረቢ! ያን ጊዜ ገነፈልኩ። አባቴ ላይ ጮኼ አላውቅም፤ ያን ቀን ጮኽኩ፣ ያውም በኦሮምኛ፣ አርጩሜ የያዘ ሰው በሌለበት።

«አባ፣ እህል ለነፋስ ሲበተን የሚበረው ምንድን ነው? ገለባው አይደል? እነዚያ ሲሮጡ ያየሃቸው ኤሌክትሮኖች ክብደት የላቸውም ማለት ይቻላል! የአቶሙ ክብደት ያለው መሃል የቆምነው ዘንድ ነው። ኒውትሮን ከፕሮቶን ጋር ቢመዘን አያንስም፤ እንዲያውም በጥቂቱ ይበልጣል! መጽሐፉ ላይ ተጽፏል። ያ ሰውዬ ግን ይህን ነገራችሁ? እኛንም ዝም በሉ አለን!»

እንባዬ ወረደ፤ የንዴት እንባ ነው።

አባቴ መንገዱ ላይ ቆመ። የማሽላ ገበሬ ነው፤ ፍሬና ገለባ አይጠፋውም።

«ከሰልም እንዲህ ነው?» አለኝ።

«ከሰልም፣ ይሄ ድንጋይም፣ አንተም» አልኩት፣ ንዴቴ ሳይበርድ።

ከዚያ መንገዱን ቀጠለ። ሌሊቱን እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም።

ሽማግሌዎቹ ከጁምዓ ሶላት በኋላ መጡ። አባቴ ምንጣፍ አንጥፎ አስቀመጣቸው፤ እኔ ከጓዳ ሆኜ አዳምጣለሁ። ጨዋታውና ምርቃቱ ሲያልቅ «እንግዲህ ምን ቆረጥክልን?» አሉት።

«አላህ ያክብራችሁ» አላቸው። «ልጄ ግን እዚያው ትምህርት ቤቷ እንደተገተረች ትቆይ።»