እንግዳ ተቀባይ ነበሩ

ከደሴ የወጣሁ ሌሊት ልጄ ትዕግሥት አልተኛችም ነበር። እህቴ ዘነቡ «ተኝታለች፣ ሂጂ» ብትለኝም የልጄን አተነፋፈስ አውቀዋለሁ። ስድስት ዓመቷ ነበር። «ቶሎ አስመጣሻለሁ» ያልኩት ለጀርባዋ ነው፤ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራለች።

ከዚያ ናይሮቢ፣ ከናይሮቢ ቶሮንቶ። ስለ ብርዱ አልጽፍላችሁም፤ የደሴን ጉም የለመደ ሰው እንደምንም ይችለዋል። ያስመረረኝ ምግቡ ነው። እዚህ ሰው ተጋብዞ ሄዶ ቀዝቃዛ ዳቦ በቀዝቃዛ ሥጋ ይበላል፣ ያውም «ጨምሪ እንጂ፣ በሞቴ» የሚል ሳይኖር። አራት ዓመት ስበላው ኖሬ ዛሬም ያቅለሸልሸኛል።

ልጄን ስፖንሰር ላደርግ ኢሚግሬሽን ስሄድ አንዱ ወጣት ጸሐፊ ተቀበለኝ።

«ልጅሽ ለምን አብራሽ አልመጣችም?»

«ስደት ነው የወጣሁት፣ ሽርሽር አይደለም።»

ሳይስቅ ፎርሙ ላይ ጻፈው፤ «ሽርሽር አይደለም»። ከዚያ ቋሚ ሥራ እንዳለኝ የሚገልጽ ደብዳቤ ከአሠሪዬ እንዳመጣ አዘዘኝ።

አሠሪዬ ሚስ ኤድና ፔምብሪ ይባላሉ። አሜሪካ ተወልደው እዚህ ያረጁ፣ ሰማንያ ያለፋቸው ወይዘሪት ናቸው። ከምኖርበት ከፍሌሚንግደን ፓርክ ሁለት ባስ ይዤ ኖርዝ ዮርክ ቤታቸው እሄድና አጥባቸዋለሁ፣ አበላቸዋለሁ፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ የአባታቸውን ታሪክ ታይፕ አደርጋለሁ። አባትየው በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የአሜሪካ ምክር ቤት አባል ነበሩ። የጫማ ሰፊ ልጅ፣ በማታ ትምህርት ጠበቃ የሆኑ፣ አራት ጊዜ የተመረጡ፣ ለወረዳቸው ድልድይ ያሠሩ። የልደታቸው መታሰቢያ በሚስ ኤድና ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ሲከበር አጭር የሕይወት ታሪካቸው ሊነበብ ነው።

እኔ ደሴ ታይፒስት ነበርኩ። የስንቱን ሟች የሕይወት ታሪክ መትቻለሁ። ቀብር ላይ የሚነበበውን ታውቁታላችሁ፤ ሟች ቀማኛም ቢሆን መጨረሻው ያው ነው። የሚስ ኤድና ወረቀት እንዲሁ ድልድዩ ላይ ሲያልቅ ራቁቱን የቀረ መሰለኝና ከልማዴ አንድ መስመር ጨመርኩበት፤ «ለተቸገረ ደራሽ፣ እንግዳ ተቀባይ ነበሩ»። ሚስ ኤድና አንብበው አለቀሱ። «እንዴት አወቅሽ?» አሉኝ። ምን አውቄ!

በሳምንቱ የምርጫውን ዓመት ላመሳክር ሚስ ኤድና ያስቀመጡትን የጋዜጣ ቁራጮች ሳጥን ከፈትኩ። የሰውዬው ንግግር አለ። ወደቡ ይዘጋ ይላል። ከእስያና ከአፍሪካ የሚመጣው ቆሻሻ ነው፣ አንዱ ከገባ ልጁንና ዘመዱን ይጎትታል ይላል። ረቂቅ ሕጉን ያቀረበው ራሱ ነው፤ ጋዜጣው እንደጻፈው አዳራሹ በሙሉ አጨብጭቦለታል። እንግሊዝኛዬ ሸውዶኝ እንደሆነ ብዬ ደግሜ አነበብኩት። አልሸወደኝም። አስጠላኝ፤ ከሱ ይልቅ የገዛ መስመሬ አስጠላችኝ።

«ሚስ ኤድና፣ ያቺን የእንግዳ መስመር ላውጣት» ብዬ ጋዜጣውን ሰጠኋቸው።

መነጽራቸውን እንኳ አላደረጉም፤ ያውቁታል። «እሱ ፖለቲካ ነው፣ ሀኒ። ቤታችን የመጣ ሰው ሁሉ ሳይበላ አይሄድም ነበር።»

«እኔ ብመጣስ?»

ትንሽ አሰቡ። «በጓሮ በር፣ ወጥ ቤት» አሉ፣ ያለ አንዳች ክፋት። «መስመሯ ትቆይ። ደግሞ አንቺው ብታነቢው ያምራል። ደብዳቤሽን ከበዓሉ በኋላ እፈርምልሻለሁ።»

ደብዳቤው ማለት ልጄ ናት። መስመሯን አላወጣሁም።

አዳራሹ ውስጥ በነጭ ሸሚዝ ቆሜ አነበብኩት። «እንግዳ ተቀባይ ነበሩ» ስል አጨበጨቡ፤ አንዲት ሴትዮ ክንዴን ይዘው አባትየው ቢያዩኝ እንዴት ደስ እንደሚላቸው ነገሩኝ። «የበላችው ያቅራታል፣ በላይ በላዩ ያጎርሳታል» እንዲሉ ኬክ አመጡልኝ። ሽንት ቤት ገብቼ አፌን ተጉመጠመጥኩ።

ሰኞ ሚስ ኤድና ፈረሙ። ዛሬ ጠዋት ደሴ ደወልኩ። ትዕግሥት አሥር ዓመት ሆኗታል፣ ድምጿ ወፍሯል።

«ወረቀቱ ተፈረመ፣ የኔ ልጅ። ልትመጪ ነው።»

 «እማዬስ?» አለችኝ። ለካ እማዬ የምትላት እህቴን ነው።

«ዘነቡ እዚያው ትቀራለች።»

«ታዲያ መምጣቱ ግድ ነው?»

«አይሰማም፣ መስመሩ ተበላሸ» አልኳት። ጥርት ብሎ ይሰማኝ ነበር፤ ዘነቡ ከኋላ ሆና «ተይ፣ እሺ በያት» ስትላት ሳይቀር።