የትርሐስ ሳህን

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለንስሐ አባቴ እንኳ ትንሽ ትልቁን ኃጢአቴን ስዘረዝር ቆይቼ፣ እዚህ ላይ ስደርስ ምላሴ ይታሰራል። ምን ብዬ ልጀምር? እራት ሠራሁ ብዬ? እራት መሥራት ከመቼ ወዲህ ነው ኃጢአት የሆነው?

ዘጠናዎቹ ሲጀምሩ ነው። ካዛንቺስ አንዲት ክፍል ተከራይቼ ብቻዬን እኖር ነበር። ሥራዬ ታይፒስትነት ነው። ከልጅነት ጀምሮ የማንለያይ ሁለት ጓደኞች ነበሩኝ፤ ገነትና ትርሐስ። ትርሐስ ሳቋ ከሰውነቷ የሚበልጥ፣ ቃሪያ እንደ ካሮት የምትቆረጥም ልጅ ነበረች። በዚያ ዓመት ባሏ ሞተባትና ቂርቆስ፣ እናቷ ቤት ተመለሰች። በምን እንደሞተ ጮክ ብሎ የተናገረ የለም። በየጓዳው ግን «በበሽታው ነው» ይባል ነበር። እሷም እየከሳች ሄደች።

አንድ ቅዳሜ እራት ጠራኋቸው። አዎ፣ የጠራኋት እኔው ነኝ። ሳልጠራት ብቀር ሰው ምን ይለኛል ብዬ ነው። ሽሮ ሠራሁ፤ ቲማቲም በቃሪያ ከተፍኩ። ከዚያ በሌላ ትንሽ ድስት የድንች አልጫ ጣድኩ። አልጫ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ከእሷ ጋር ከአንድ ትሪ ላለመብላት ሰበብ ፈለግኩ፤ ሰበቡን በሽንኩርትና በእርድ ሠራሁት። ትሪውን በእኔና በገነት በኩል አደረግኩ። በወዲያኛው ጫፍ አንድ ሳህን አስቀመጥኩ። ብርጭቆ ሳይቀር ለይቻለሁ፤ ኋላ እንዳይምታታብኝ አፉ የተሸረፈውን መረጥኩላት።

«ይቺ ሳህን የማን ናት?» አለች ትርሐስ እጇን ታጥባ ስትቀመጥ።

«ያንቺ ነቻ። ጨጓራዬን ብለሽኝ አልነበር? በርበሬ እንዳይጎዳሽ ብዬ አልጫ ሠራሁልሽ።»

ጨጓራዬን ብላኝ አታውቅም።

«እኔ? አልጫ?» ብላ ልትስቅ ጀመረችና አየችኝ። ሳቋ መሃል ላይ ቀረ። «እሺ በቃ። እጅሽ ይባረክ።»

በላች። ገነት ስለ ታክሲ ወረፋ፣ ስለ አለቃዋ ታወራለች፤ እኔ የትርሐስን ጣቶች አያለሁ። ልንጨርስ ስንል ከሳህኗ ጠቅልላ እጇን ወደ አፌ ዘረጋች። ስንት ዓመት ስታጎርሰኝ የኖረች እጅ ናት።

«ጠገብኩ» አልኳት።

እጇ አየር ላይ ቆየ። ለምን አልጎረስኩም? አንዲት ጉርሻ! ትርሐስ ራሷ ጎረሰችው። ከዚያ ተነሥታ ሳህኗንና ብርጭቆዋን አጠበች። ከእኔ ዕቃዎች ጋር ግን አልቀላቀለቻቸውም፤ ከሌላው ራቅ አድርጋ ለብቻቸው ደፋቻቸው። እንደሄዱ በረኪና ውስጥ ዘፈዘፍኳቸው። እሱም አልበቃኝም፤ አውጥቼ ጣልኳቸው።

ከዚያ ወዲያ ቤቴ አልመጣችም። ከሳምንታት በኋላ ገነት፣ «የዚያን ዕለት ወዳንቺ ስንመጣ ትርሐስ፣ ‹ዛሬ የምነግራችሁ ነገር አለ፤ ለእናንተ ካልነገርኩ ለማን እነግራለሁ?› ብላኝ ነበር። ምን ልትነግረን ይሆን?» አለችኝ።

«እንጃ» አልኳት።

ዓመት ሳይሞላ ትርሐስ ሞተች።

አላወቅኩም ነበር እንዳልል አውቅ ነበር። ከእራቱ በፊት መሥሪያ ቤታችን ስለ በሽታው ለሠራተኛው የሚበተን ጽሑፍ አስመትቶኛል። «አብሮ በመብላት አይተላለፍም» የሚለውን መስመር በእነዚህ ጣቶቼ ነው የመታሁት። መትቼዋለሁ፤ ስሕተት እንዳይኖርበት ሁለት ጊዜ አንብቤዋለሁ። ታዲያ በምን ላመካኝ?

ለቅሶ ስደርስ እናቷ እማማ ለተብርሃን አጠገባቸው አስቀመጡኝ። እጄን ይዘው፣ «ልጄ፣ ስንቱ ሸሻት መሰለሽ። ያንቺን እራት ግን እስከ መጨረሻው ነው ያነሳችልኝ። ‹እማዬ፣ ለእኔ ብላ ለብቻው ወጥ ሠራችልኝ እኮ› ትለኝ ነበር። ልጄን ያልተጸየፍሽ፣ እግዜር ይስጥሽ!» አሉኝና እጄን ሳሙት።

ትርሐስ ለእናቷ እንኳ አላጋለጠችኝም። እኔስ? በዚያች ሰዓት አፌን ከፍቼ፣ «አይደለም እማማ፣ ነገሩ እንዲህ ነበር» ማለት እችል ነበር።

«አሜን» አልኩ።

ከዚያ በኋላ እማማ ለተብርሃን ስድስት ዓመት ኖረዋል። በየበዓሉ እየሄድኩ እጠይቃቸው ነበር። በሄድኩ ቁጥር ያችን እራት እያነሱ መረቁኝ፤ እኔም በመረቁኝ ቁጥር አሜን አልኩ። አሁን እሳቸውም የሉም። እናንተን ይቅር በሉኝ ብዬ አልለምንም። ይቅር ሊሉኝ ይችሉ የነበሩት ሁለቱ ናቸው፤ ሁለቱንም አልጠየቅኳቸውም።