ቴሌቪዥን ውስጥ የነበረው ሰፈራችን

ባለፈው እሁድ ጀሞ፣ የወንድሜ የጌቱ ልጅ ቤት ምሳ ተጠርቼ ነበር። አራቱን ፎቅ እያለከለክሁ ወጥቼ በሩ ላይ ስደርስ ምራታችን፣ «እቴቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ጫማዎን እዚህ ጋ... ምንጣፉ አዲስ ነው» አለችኝ።

«አላወልቅም» አልኳት። ደነገጠች። አልፌያት ገባሁ።

ሳሎን ውስጥ ልጇ ብሩክ በሆዱ ተኝቶ ጌም ይጫወታል። ቴሌቪዥኑ ውስጥ ድልድይ፣ ጫካ፣ ፎቅ፣ ምኑ ቅጡ፣ ሙሉ ከተማ አለ። ከላይ ደግሞ አንዲት ቢጫ ቀስት «በዚህ ሂድ፣ በዚያ ታጠፍ» እያለች ትመራዋለች።

«ጠፍተህ አታውቅም?» አልኩት።

«ለምን እጠፋለሁ እቴቴ? ቀስቷ እያለች!»

ኤዲያ! መንገድ ሳይጠፋው መንገድ ያወቀ ሰው የት አለ?

እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ ተጸያፊ ነኝ። ሰው በጠጣበት ብርጭቆ ውሃ አልጠጣም። እናቴ፣ «አንቺን የሚያገባሽ ሳሙና ሻጭ ነው» ትለኝ ነበር። ያደግነው ነፋስ ስልክ ነው፤ ከቤታችን በታች ወንዝ ነበር። ወንዝ ካሉት ማለቴ ነው። ከላይ ከፋብሪካ የቆዳ እጣቢ፣ ጠጉርና ሞራ፣ አንዳንዴም የተነፋ የውሻ ሬሳ ይዞ ይወርዳል። ድልድዩን የምሻገረው አፍንጫዬን በነጠላ አፍኜ፣ ትንፋሼን ቋጥሬ ነው።

በደርግ ጊዜ ሰፈራችን ውስጥ ሽታ የሌለው ቤት የቀበሌው ሹም የጓድ በላቸው ቤት ነበር። ወለሉ በሰም ተወልውሎ መልክ ያሳያል። ቀይ ምንጣፍ አለው። በመርከብ የሚሠራ ወንድሙ ከውጭ ሲመለስ፣ ከቴሌቪዥን ጋር የሚገጠም መጫወቻ አመጣለት። ታዲያ እሁድ ከሰዓት ጓድ በላቸው የሰፈሩን ወጣት ይጠራል፤ ሻይ በብስኩት ያቀርባል። አንድ ሕግ ብቻ ነበረው። በሩ ላይ ቆሞ፣ «ጫማ! ጫማ!» ይላል።

የዚያን ሁሉ ጎረምሳ ካልሲ በአንድ ክፍል አስቡት። እግዚኦ! እኔ ከጌቱ ጋር እሄድና አየር ፍለጋ በረንዳውን በሚያሳየው መስኮት ሥር እቀመጣለሁ። መጫወቻውን ግን ነክቼው አላውቅም፤ እጀታው በሰው ሁሉ ላብና በብስኩት ፍርፋሪ ተጨማልቆ ያዳልጣል። ቱ!

ጨዋታው እንዲህ ነበር። ምስር የሚያክል ነጭ ሰውዬ ከክፍል ክፍል እየሄደ መውጫ ይፈልጋል። በቀኝ ሲወጣ ሌላ ክፍል፣ በላይ ሲወጣ ሌላ። ካርታ የለ፣ ቀስት የለ፤ ክፍሎቹም ይመሳሰላሉ። ሁሉም ሲዞርበት ጌቱ በሰፈራችን ስም ይጠራቸው ጀመር። ጉልላት የመሰለ ነገር ያለበትን «አቦ በር»፣ የሚሽከረከር ያለበትን «ወፍጮ ቤት»፣ ጠባቡን «ቅያሱ» አለው። አንድ ጥቁር ረግረግ ነበር፤ ሰውዬው ከገባበት ይሰምጣል። እሱን «ወንዙ» ያልኩት እኔ ነኝ።

እጄ ሥራ ስላልነበረው መንገዱ ጭንቅላቴ ውስጥ ቀረ። ከመስኮቱ ሥር ሆኜ፣ «በአቦ በር ውጣ! በቅያሱ ታጠፍ! ወንዙ ጋ እንዳትደርስ!» እያልኩ እጮሃለሁ። ጌቱ፣ «እትዬ ከሌለች አልጫወትም» ይል ነበር። አልዋሽም፣ ደስ ይለኝ ነበር።

አንድ የኅዳር እሁድ ጌቱ ወፍጮ ቤቱን አለፈና አይተነው የማናውቀው ክፍል ገባ። ቤቱ በጩኸት ተናጋ። እኔ አየር ልስብ ወደ ውጭ ዞር ስል፣ የአብዮት ጥበቃው ጫማዎቻችንን እየለቀመ ጆንያ ውስጥ ይከታል። ከአጥሩ ውጭ የወታደር መኪና ጀርባውን ለበሩ ሰጥቶ ቆሟል። ጓድ በላቸው በረንዳው ላይ ቆሞ ሰዓቱን ያያል።

ያኔ ወጣት ወንድ ከመንገድ፣ ከኳስ ሜዳ እየታፈሰ ወደ ጦር ግንባር ይጫን ነበር። እኛ ደግሞ አፈሳ ሸሽተን የምንሰበሰበው እዚያው ቤት ነበር፤ የቀበሌ ሹም ቤት ማን ይነካናል ብለን።

«አፈሳ ነው!» ብዬ ጮህኩ። ሁሉም ጫማውን ሊያነሳ ወደ ፊት በር ሮጠ። የጌቱ ጓደኛ ሙሉጌታ አዲስ ሸራ ጫማ ነበረው፤ ከሁሉ ቀድሞ የደረሰው እሱ ነው። ጌቱም ሊከተል ሲል ጆሮውን ይዤ በኩሽናው በር ጎትቼ አወጣሁት። በቆርቆሮው አጥር ቀዳዳ ሾለክን። እሱ በልማዱ ወደ አቦ መንገድ፣ ወደ አስፋልቱ ታጠፈ።

«በወንዙ!» አልኩት።

በዚያ ጭንቅ ቆሞ አየኝ። «እትዬ፣ አንቺ? በወንዙ?»

በባዶ እግራችን ገባን። ሞራው በጣቶቻችን መሃል ሙልጭ ሙልጭ ይላል፤ ጠጉሩ ቁርጭምጭሚታችን ላይ ይጠመጠማል። ድልድዩ ሥር እስከ ወገባችን ጠለቅን። ከላያችን መኪናው አለፈ፤ ልጆቹ ሲጮሁ ይሰማል። ያን ጊዜ አፍንጫዬን አልያዝኩም፤ ሁለቱም እጆቼ ጌቱን ይዘዋል።

በመካኒሳ በኩል ከገበሬዎቹ ማሳ ወጣን። እማማ ጫልቱ የሚባሉ ወተት የሚሸጡልን ሴት ሲያዩን፣ «ያ ዋቃ!» ብለው ፈጣሪን እየጠሩ በአመድና በውሃ አሹን፤ የሽምብራ እሸትም ሰጡን። ጌቱ እያለቀሰ በላ። እኔ የድርሻዬን ለእሱ ሰጠሁት።

ጌቱን ገጠር፣ አጎታችን ዘንድ አሸሸነው። ከሁለት ቀን በኋላ ጓድ በላቸው ቤታችን መጣ። ጫማዬን ቀለም አስቀብቶ፣ አስወልውሎ፣ በጋዜጣ ጠቅልሎታል።

«ዘነበች፣ ጫማሽን ረስተሽ ሄድሽ» አለኝ እየሳቀ። «ጌቱስ ደህና ነው? ጨዋታውን ሳይጨርስ ተነሣ እኮ።»

የገላ ሳሙና ይሸታል። ጥፍሮቹ ንጹህ ናቸው። በዚያ ወንዝ ውስጥ ሳያስመልሰኝ፣ ደጃፋችን ላይ ሆድ ዕቃዬ እስኪወጣ አስመለሰኝ። እናቴ ጫማውን ሽንት ቤት ከተተችው። ሙሉጌታ ከግንባር አልተመለሰም። ዛሬም ሰም የተቀባ ወለል ሲሸተኝ ይቀፈኛል፤ ወንዙን ግን ይቅር ብዬዋለሁ።

ከምሳ በኋላ ብሩክ አብሮን የበላውን አያቱን፣ ጌቱን፣ «አንተ ጌም ትችላለህ?» አለው።

«መንገዱን የምታውቀው እሷ ነበረች» አለ ጌቱ ወደ እኔ እያየ። «ያ የመጨረሻው ክፍል ግን መውጫው ይሆን እትዬ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ!» አልኩት።

ምራታችን ሰሃን ልታነሳ መጣችና ወለሉን አይታ ተነፈሰች። እኔም አየሁ። ጌቱ በገዛ ልጁ ቤት፣ አዲሱ ምንጣፍ ላይ፣ ጫማውን አላወለቀም፤ ክሩን ሁለቴ ቋጥሮታል።

«ተይው ልጄ» አልኳት። «ምንጣፍ ይታጠባል።»